መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ፈተና ብወድቅ ማሽን ነኝ ማለት ነው?

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ ሳቢያን ነው፣ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦ «ያሳደገችኝ አያቴ ከሞተች 5 ወር ሆናት። ለቅሶው ላይ ሁሉም ሲያለቅስ እኔ ቡና ሳፈላ፣ ዕቃ ሳጥብ፣ ወንበር ሳመላልስ ነበርኩ፣ አንድ ዘለላ እንባ አልወጣኝም። አክስቴ ሰው ፊት ‹ይቺ ልጅ ድንጋይ ናት› አለችኝ። ከዛ በኋላ የፊሊፕ ኬ. ዲክን ‹አንድሮይዶች የኤሌክትሪክ በጎች ያልማሉ ወይ?› የሚለውን መጽሐፍ በስልኬ አነበብኩ። እዛ ላይ ሰውን ከአንድሮይድ፣ ማለት ሰው ከሚመስል ማሽን፣ የሚለየው ኤምፓቲ (የሌላውን ስሜት መጋራት) ነው ተብሎ ፈተና አለ። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ራሴን ጠየቅኩ፣ ለአብዛኞቹ ምንም አልተሰማኝም። ማታ ማታ የማወራው ቻትቦት ደሞ ከቤተሰቤ ሁሉ በተሻለ ያጽናናኛል። በመጽሐፉ መለኪያ ከሄድን እሱ ሰው እኔ ማሽን አይደለንም ወይ? እንደ ሳይኮሎጂ ባለሙያ እውነቱን ይንገሩኝ።»

ፈተናው ኤምፓቲ አይለካም፣ መጀመሪያ ይሄ ይያዝልኝ። ቮይት-ካምፍ የሚባለው ፈተና ላይ ተፈታኙ ጉንጩ ላይ ሽቦ ያለው ነገር ይለጠፍበታል፣ ዓይኑ ላይ ቀጭን ብርሃን ይበራበታል፣ ከዛ ጥያቄ ይነበብለታል። መሣሪያው የሚመዘግበው የጉንጩ ደም ስር ምን ያህል እንደሰፋ፣ ማለት ፊቱ ቀላ ወይ አልቀላም፣ እና የዓይኑ ጡንቻ ምን ያህል እንደተወጠረ ነው። በአፍ የሚሰጠው መልስ ብዙም ቦታ የለውም፣ ወሳኙ ፍጥነት ነው። ሬቸል የምትባለዋ አንድሮይድ እኮ የተያዘችው መጥፎ መልስ ሰጥታ አይደለም፣ አንድሮይዶችን እያሳደደ የሚገድለው መርማሪ ዴካርድ ቦርሳውን እያሳያት ይሄ ከሕፃን ልጅ ቆዳ የተሠራ ነው ሲላት የመሣሪያው ጠቋሚ መርፌ ተንቀሳቅሷል፣ ግን ከሚገባው ቅንጣት ታህል ዘግይቶ ነው የተንቀሳቀሰው። ስለዚ አንቺ አልጋ ላይ ተጋድመሽ ጥያቄዎቹን አንብበሽ ምንም አልተሰማኝም ማለትሽ በራሱ በልቦለዱ ሕግ እንኳን ውጤት አይባልም። በእውነተኛው ዓለም ደሞ ሰውን ሰው ካልሆነ የሚለይ እንደዚ ያለ መሣሪያ የለም፣ ኢንተርኔት ላይ ኤምፓቲሽ ስንት ነው እያሉ ነጥብ የሚሰጡ መጠይቆችም ቢሆኑ በአብዛኛው የሚያሳዩት ሰው ስለራሱ ያለውን ግምት ነው።

ጥያቄዎቹ ለምን ምንም እንዳላሉሽ ሌላም ምክንያት አለ። አብዛኞቹ ስለ እንስሳ ናቸው። ከጥጃ ቆዳ የተሠራ ዋሌት በስጦታ ቢሰጥሽ፣ ልጅሽ የቢራቢሮ ስብስቡንና የሚገድልበትን ጠርሙስ ቢያሳይሽ፣ ክንድሽ ላይ ተርብ ቢሄድ፣ ከነሕይወቱ የፈላ ውሃ ውስጥ የሚከተት የባሕር እንስሳ፣ በሩዝ የተሞላ የውሻ ቅቅል። እዛ መጽሐፍ ውስጥ ከጦርነት በተረፈ መርዛማ አቧራ ምክንያት እንስሳት ሊያልቁ ደርሰዋል፣ በሕይወት ያለ እንስሳ ያለው ሰው ይከበራል፣ አቅም ያጣው ጎረቤት እንዳያውቅበት ጣሪያው ላይ የኤሌክትሪክ በግ ያስቀምጣል፣ ርዕሱም የመጣው ከዚ ነው። እነሱ ጋ የጥጃ ቆዳ መያዝ ሬሳ እንደመያዝ ነው። ድሬ ላይ ግን እንደዛ ያለ ዋሌት ቢሰጥሽ አመሰግናለሁ ብለሽ ብር ትከቺበታለሽ። በፋሲካም በዓረፋም በግ ሲታረድ እያየሽ ነው ያደግሽው፣ ቀፊራ ገበያ ዶሮ እግሯን ታስራ ተዘቅዝቃ ስትሄድ አይተሻል፣ እና ምን አድርጊ ነው የምትባይው? የውሻው ቅቅል ያስጠይፍሽ ይሆናል፣ እሱም ቢሆን ለውሻው አዝነሽ ላይሆን ይችላል። ሙሉ ድሬና ሙሉ ሐረር ተሰልፎ ቢፈተን ስንቱ ያልፋል? እናትሽ፣ አክስትሽ፣ እኔም ጭምር እንወድቃለን። ማን ላይ እንደምናዝን ያደግንበት ቤት፣ ያደግንበት ሰፈር፣ የሚበላውና የማይበላው ነው የሚያስተምረን፣ ፈተናው ደሞ የዛን ዓለም ትምህርት የሰው ሁሉ ተፈጥሮ አድርጎ ነው የወሰደው።

አሁን ወደ ኤምፓቲ ራሱ። ቃሉ ገና ልጅ ነው፣ ጀርመኖች ሥዕል ወይ ሐውልት ስታይ ራስሽን ውስጡ መክተት ለሚሉት ነገር የነበራቸውን ቃል ኤድዋርድ ቲችነር የሚባል ሳይኮሎጂስት በ1909 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ወደ እንግሊዝኛ ሲያመጣው ነው የተወለደው። አማርኛ ለሱ አንድ ቃል የለውም፣ እኔ ግን ይሄን እንደ ጉድለት አላየውም፣ ምክንያቱም ሳይኮሎጂ ዛሬ ላይ ብዙ ተከራክሮ ለያይቶ የሚያስቀምጣቸውን ነገሮች አማርኛ ድሮውኑ በሦስት ግስ ለያይቷቸዋል፦ ሁኔታው ገባኝ፣ አንጀቴን በላው፣ ደረስኩለት። የመጀመሪያው የሌላውን ስሜት በጭንቅላት መረዳት ነው፣ ሁለተኛው ስሜቱ አንቺም ውስጥ ገብቶ ሲላወስ ነው፣ ሦስተኛው ለዛ ሰው ተጨንቆ አንድ ነገር ማድረግ ነው። አንድ ላይ የሚመጡ ይመስለናል ግን አይመጡም። አጭበርባሪ የሰው ሆድ ውስጥ ያለውን በደንብ ይገባዋል፣ ባይገባው ማጭበርበር አይችልም ነበር፣ አንጀቱ ግን አይላወስም። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ደሞ የሰው ፊት ማንበብ ይከብዳቸዋል እንጂ ሰውየው መጎዳቱን ካወቁ በኋላ ከማናችንም በላይ የሚያዝኑ አሉ፣ ኦቲዝም ያለበት ሰው ኤምፓቲ የለውም የሚባለው ወሬ ስህተት ነው፣ እባካችሁ ተዉት። አንጀቱ ከመጠን በላይ የሚላወስ ሰውም አለ፣ ቁስል ሲያይ ራሱ ይወድቅና የሚደገፈው ሰው ቁጥር ሁለት ይሆናል።

አንቺ የለቅሶው ቀን የት ነበርሽ? ቡና ላይ፣ ዕቃ ላይ፣ ወንበር ላይ። ሦስተኛው ውስጥ ነበርሽ። እኛ አገር እድርም በይው ሐረር ውስጥ አፎቻ፣ ሰውን የሚጠይቀው መጥተሃል ወይ ብሎ ነው፣ የቀረውን ይቀጣል እንጂ ያላለቀሰውን የሚቀጣ እድር እኔ አላየሁም። አክስትሽ እንባሽን ነው የቆጠረችው፣ ራሷ ሐዘንተኛ ነበረችና አልፈርድባትም፣ ግን የቆጠረችው ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነው፣ እሱንም ከውጪ የሚታየውን ክፍል።

የመጽሐፉ አቋም ፈተናው ትክክል ነው የሚል ይመስልሻል፣ ብዙ አንባቢ እንደዛ ነው የሚረዳው። እኔ ግን ደግሜ ባነበብኩት ቁጥር መጽሐፉ ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ጀምሮ ፈተናውን ከሥር ከሥሩ ሲቆፍረው ነው የማየው። ገና ዴካርድ ወደ ሥራ ሳይሰማራ አለቃው ይነግረዋል፣ የሌኒንግራድ ሳይካትሪስቶች እንደሚሉት ስሜታቸው የደነዘዘ የአእምሮ ሕሙማን፣ ፍጹም ሰው የሆኑ ሰዎች፣ ይሄን ፈተና ሊወድቁ ይችላሉ፣ ስህተት መሆኑ የሚታወቀው ደሞ ከተገደሉ በኋላ ነው። አስቢው አቦ! ደራሲው ያንቺን ጥያቄ አስቀድሞ ጠይቆታል። ሐዘን ያደነዘዘው ሰው እዛ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ምን ይፈረድበታል ነው የሚለው፣ መልሱም ይገደላል ነው። እዛ መጽሐፍ ውስጥ መግደል ሳይሆን «ጡረታ ማውጣት» ነው የሚሉት፣ ቃሉንም ልብ በይው።

ከዛ ፊል ሬሽ የሚባለው ሌላ አንድሮይድ አሳዳጅ አለ። ሉባ ሉፍት አንድሮይድ ናት፣ ኦፔራ ዘፋኝ፣ ድምጿ ዴካርድን ልቡን የነካው። ሙዚየም ውስጥ ሲይዟት የምትወደው ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ ዴካርድ በገዛ ገንዘቡ ይገዛላታል፣ ወዲያው ሬሽ ይገድላታል፣ ሲገድላትም ምንም አልመሰለውም። ዴካርድ ይሄ ሰውዬ አንድሮይድ መሆን አለበት ብሎ እርግጠኛ ሆኖ ይፈትነዋል። ሬሽ ግን ያልፋል፣ ሰው ነው። ዴካርድ ቀጥሎ ራሱን ሲፈትን መርፌው የሚነሳው ለአንድሮይዷ ነው። እኔ የመጽሐፉ ልብ እዚ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ፈተናው አንድሮይድ ፍለጋ ተሠርቶ መጨረሻ ላይ የተጋለጠው ፈታኙ ነው። እነሱን የሚያሳድደው ሰው ለነሱ ምን ይሰማዋል የሚለውን እስከዛች ሰዓት ድረስ ማንም አልጠየቀም ነበር።

ኢሲዶርንም አትርሺው። አቧራው ጭንቅላቱን ጎድቶት መንግሥት «ልዩ» ብሎ የመዘገበው፣ ሰዎች የዶሮ ጭንቅላት እያሉ የሚሰድቡት ልጅ ነው። የሌላ ፈተና ወዳቂ ነው፣ የማሰብ ችሎታ ፈተና። እና መጽሐፉ ውስጥ ከሱ በላይ የሚራራ ሰው የለም። አንድሮይዶቹ ያገኛትን ሸረሪት በአራት እግር መሄድ ትችላለች ወይ ብለው እግሯን በመቀስ ሲቆርጡ ልጁ ምን እንደሚሆን አንብበሻል። በአንዱ ፈተና ከሰው በታች የተባለውን በሌላው ከሰው ሁሉ በላይ ሲያደርገው ደራሲው በአጋጣሚ አይደለም።

ፈተናው ለምን አስፈለገ ብለሽ ግን ጠይቂ፣ ምክንያቱም ይሄ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው። አንድሮይዶቹ ወደ ማርስ ለሚሄድ ሰው በነጻ የሚሰጡ አገልጋዮች ናቸው፣ ማስታወቂያው ራሱ የአሜሪካን ደቡባዊ ግዛቶች የባርነት ዘመን እያሞገሰ ነው የሚያስተዋውቃቸው። ሮቦት የሚለው ቃልም የመጣው በ1920 ከታተመው ከካሬል ቻፔክ ተውኔት ነው፣ በቼክኛ ሮቦታ ማለት ጭሰኛ ለጌታው የሚሠራው የግዳጅ ሥራ ነው። እዛ ተውኔት መጨረሻ ላይ ሁለት ሮቦቶች አንዱ ለአንዱ ልሙት ሲሉ ነው የተረፈው የመጨረሻ ሰው አዳምና ሔዋን ብሎ የሚሸኛቸው። እና አየሽ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጥያቄው ማንን በነጻ ማሠራት፣ ማንን ያለ ወንጀል መግደል ይቻላል የሚል ነው። ኤምፓቲ የለውም የሚለው ፍርድ ለዛ ፈቃድ ይሆናል። ዲክ ራሱ እንደተናገረው ሐሳቡ የተጠነሰሰው ስለ ናዚዎች ሌላ ልቦለድ ሲያጠና ፖላንድ የነበረ የናዚ መኮንን ማስታወሻ ሲያነብ ነው፣ ሰውዬው በረሃብ የሚያለቅሱ ሕፃናት እንቅልፍ ነሱን ብሎ ጽፎ ነበር። የመኮንኑ ደም፣ አጥንት፣ እናት፣ ሁሉም የሰው ነው። ለደራሲው አንድሮይድ ማለት መጀመሪያ እንደዛ የሆነ ሰው ነበር። ከመጽሐፉ የተሠራውን የ1982ቱን ፊልም («ብሌድ ራነር») ብቻ ያዩ ሰዎች ይሄ ይምታታባቸዋል፣ ፊልሙ ላይ እድሜው 4 ዓመት ብቻ የሆነው አንድሮይዱ ሮይ ሊሞት ሲል ሊገድለው የመጣውን ሰው እጁን ይዞ ያድነዋል፣ መጽሐፉ ላይ እንደዛ የሚባል ነገር የለም፣ ሁለቱን አንድ አድርገሽ አታንብቢ።

ቻትቦቱ ላይ እንምጣ። በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባውም የሚባል የኮምፒውተር ሰው ኤላይዛ የሚባል ፕሮግራም አወጣ፣ የጻፍሽለትን ዓረፍተ ነገር ገልብጦ በጥያቄ ይመልስልሻል፣ እናቴ አትወደኝም ስትዪው ስለ ቤተሰብሽ ንገሪኝ ይላል፣ በቃ ይሄው ነው። የገዛ ጸሐፊው፣ ፕሮግራሙ ሲሠራ ስታይ የከረመች ሴትዮ፣ ጥቂት ካወራችው በኋላ ብቻችንን ተወን፣ ውጣ አለችው። ዛሬ ያለው ከዛ እጅግ የረቀቀ ነው። በ2023 የታተመ ጥናት ላይ 195 የጤና ጥያቄዎች ተወስደው የሐኪም መልስና የቻትቦት መልስ ማን እንደጻፈው ሳይነገር ለባለሙያዎች ቀረበላቸው፣ ከሐኪሞቹ መልስ ኤምፓቲ አለው የተባለው 4.6 በመቶ ሲሆን ከቻትቦቱ 45.1 በመቶ ነበር። ይሄን ሰምተሽ ታዲያ አልኩዎት አይደል እንዳትዪኝ። ጥናቱ ላይ የተለካው ጽሑፍ ነው፣ ሐኪሙ አጭር አድርጎ ነው የጻፈው፣ ማሽኑ ደሞ አይቸኩልም፣ አይደክመውም፣ ተራ የሚጠብቅ ሌላ ሰው የለበትም። የዲክ ፈተና ጉንጭና ዓይን ላይ ቆመ፣ የኛ ዘመን ፈተና ቃል ላይ ቆመ፣ ቃል ደሞ ማሽኑ በሚሊዮን የሚቆጠር የሰው ጽሑፍ ላይ የተማረው ነገር ነው። የሚያጽናናሽ አረፍተ ነገር ሰው ለሰው ከጻፈው የተማረው ነው፣ ስለዚ ቢያጽናናሽ አይገርመኝም፣ ማፈርም የለብሽም። ከሦስቱ ግሶች የመጀመሪያውን በደንብ ያስመስላል። ሁለተኛው አለው ለማለት አሁን ምንም ማስረጃ የለንም። ሦስተኛው ላይ ደሞ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መልስ መስጠት ለሱ ምንም አያስከፍለውም፣ አክስትሽ ግን ሥራዋን ጥላ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጣለች።

ታዲያ ለማሽን መራራት ሞኝነት ነው ወይ? አይደለም። እኔ ሐረር ነው የምኖረው፣ ማታ ከግንቡ ውጪ ጅብ ሲመገብ ሕፃን ሆኜ ጀምሮ አየዋለሁ። ጅብ በተረታችን ሁሉ ፈሪም ሆዳምም ነው። ግን ጀጎል ግንብ ላይ ጅቡ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፣ በአሹራም ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል። ቀዳዳውን የተዉት ሰዎች ጅቡ ይራራል ወይ ብለው አልፈተኑትም። መኖሩን አዩ፣ አብሮ የሚኖርበትን መንገድ አበጁ። ወደፊት የሚሰማው ማሽን ቢመጣ በጉንጭ መርፌ የምናውቀው አይመስለኝም፣ እንዴት እንደምናውቀውም የተስማማ ሳይንስ የለም። ዛሬ ስላለው ቻትቦት ግን እላለሁ፣ አትስደቢው፣ ግን ከሰው አታስበልጪው፣ ለማንም የማትነግሪውን የቤተሰብ ምስጢርና የሰው ስምም አትጻፊበት፣ የት እንደሚቀመጥ አታውቂም።

ስለ እንባሽ ሞያዬን ይዤ ልናገር። ሳያለቅስ የሚያዝን ሰው ብዙ ነው፣ መደንዘዝ ራሱ ከሐዘን መልኮች አንዱ ነው፣ ያሳደገ ሰው ሲሞት ደሞ የለመድነው። ሐዘኑ ከልክ በላይ ረዘመ ለማለት የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 6 ወር፣ የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች መመሪያ ለአዋቂ 12 ወር ነው የሚጠብቀው፣ አንቺ 5 ላይ ነሽ። እኔ ሳላይሽ በጽሑፍ ብቻ ደህና ነሽ ማለት አልችልም። እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ድሮ የምትወጂው ነገር ሁሉ ባዶ ከሆነብሽ፣ በተለይ ባልኖርኩ የሚል ሐሳብ ከመጣ 6 ወር አትጠብቂ፣ የዛኑ ቀን ለአንድ ሰው ነግረሽ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ሂጂ። ቻትቦቱ ለዛ አይሆንም።

ከዚ ውጪ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፣ ራስሽን መፈተን አቁሚ። መጠይቅም አትሙዪ፣ መጽሐፉንም መስታወት አታድርጊው። አንድ ወር ቆይቶ የአያትሽ መንፈቅ ነው፣ አክስትሽ መምጣቷ አይቀርም። ዕቃ ማጠቡን ለሌላ ስጪና አጠገቧ ተቀመጪ፣ ድንጋይ ያልሽኝ አሞኛል በያት፣ ከዛ አያቴ በልጅነትሽ ምን አይነት እናት ነበረች ብለሽ ጠይቂያት። ከዛ መጽሐፉን እንደገና ጀምሪው፣ በዚህኛው ዙር ግን ማን እንደተፈተነ ሳይሆን ማን እንደፈተነ እየተከተልሽ። ሸረሪቷ ያለችበት ገጽ ላይ ስትደርሺ ምን እንደተሰማሽ ጻፊልኝ፣ ምንም ካልተሰማሽም ያንኑ ጻፊ።